አባቴ «አቶ ድል» የሚላቸው አሰልጣኝ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጓደኛዋ ቤት አንዲት ግራጫ የድመት ግልገል ታቅፋ መጣች። እሷ በእንግሊዝኛ ለመነችኝ፣ እኔ በአማርኛ እምቢ አልኳት፣ ድመቷ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ሳትናገር ሶፋው ላይ ወጥታ ተኛችና ጉዳዩ በዚያው አለቀ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ካለው ሱቅ ድመቶች የሚጸዳዱበትን አሸዋ በትልቅ ከረጢት ገዝቼ ተመለስኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ የከረጢቱን አፍ ስቀደው ደቃቅ ነጭ አቧራ ቡን ብሎ ወጣና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የደረቀ ሸክላ ሽታ፣ ውሃ የጠማው አፈር ሽታ። በጉልበቴ እንደቆምኩ ቀረሁ። ባለቤቴ «ምነው፣ ወገብህን ያዘህ እንዴ?» አለችኝ። ወገቤን አልያዘኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ዝናብ አባርቶ ነበር፣ አሰልጣኜ ኮች ዴልም የድመት አሸዋ ከረጢት በትከሻቸው ተሸክመው፣ በአንድ ጉልበታቸው እያነከሱ፣ ወደ ሜዳው መሀል እየመጡ ነበር።

የሲያትል ዝናብ ነጎድጓድ ይዞ መጥቶ፣ ዶፉን አውርዶ የሚሄድ አይደለም፤ እንደ ሐሜተኛ ጎረቤት ቀስ ብሎ ገብቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ሲያንሾካሹክ የሚውል ነው። ቤዝቦል ደግሞ ዝናብ የማይወድ ጨዋታ ነው። በሜዳው መካከል ከመሬት ከፍ ያለች የአፈር ጉብታ አለች፤ ኳስ ወርዋሪው የሚቆመው እሷ ላይ ነውና ጉብታዋ ጭቃ ከሆነች እግሩ ይከዳዋል። ሀብታም ትምህርት ቤቶች ሜዳቸውን የሚሸፍኑበት ሸራና ጭቃ የሚያደርቁበት ልዩ አፈር አላቸው። ለእኛ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የነበሩት አንድ የተበሳሳ ፕላስቲክና ኮች ዴል ብቻ ነበሩ። ኮች ዴል የድመት አሸዋ ከሸክላ የተሠራ መሆኑን ደርሰውበት ስለነበር በዘነበ ቁጥር ከአሮጌ ፒክአፓቸው ላይ ከረጢት እያወረዱ ጉብታዋ ላይ ይበትኑና በእጃቸው ያሹት ነበር። ሊገጥሙን የመጡ ቡድኖች «ሚያው!» እያሉ ይስቁብናል። ኮች ቀና ሳይሉ፣ «ድመቷ ተደብቃለች፤ ስትወጣ ትሮጣላችሁ» ይሏቸዋል። ድመቷ ብዙ ጊዜ አትወጣም ነበር። ተሸናፊ ቡድን ነበርን።

ኮች ዴል ያደጉት ከተራሮቹ ማዶ፣ ፖም በሚለቀምበት አንድ ትንሽ ከተማ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ለደመወዝ ተጫዋች ሆነው ፈረሙ፤ ቦታቸው ከወርዋሪው ፊት ለፊት ቁጢጥ ብሎ ኳስ መቅለብ ነበር። ወርዋሪ ስህተት ሲሠራ ሁሉም ያያል፤ ቀላቢ ግን ጨዋታውን ሁሉ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን በብረት ጭንብል ሸፍኖ፣ በጣቶቹና በደረቱ ሲመታ ይውላል፤ ሥራውን በደንብ ከሠራ መኖሩም አይታወቅ። አሥር ዓመት ያህል በታችኛው ሊግ ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ተንከራተቱ። ትልቁ ሊግ ውስጥ፣ ያ ሕዝብ ሁሉ በቴሌቪዥን በሚያየው፣ የቆዩት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ወደ ሲያትል ሲመጡ ከከተማው በስተደቡብ ያለው ኮሌጃችን አሰልጣኝ ጠፍቶበት «ለአንድ ጸደይ ብቻ» አላቸው፤ እሳቸውም ሌላ ሥራ እስካገኝ ብለው ተቀበሉ። ያ አንድ ጸደይ ሠላሳ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተራዘመ። በአማርኛችን መቅለብ ኳስ መያዝም፣ ማብላትም መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ እሳቸው ሁለቱንም ነበሩ። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ተጫዋች ከመልኩ ያውቃሉ፤ ከፒክአፓቸው የፊት ወንበር ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሳንድዊች አንስተው ምንም ሳይናገሩ ይወረውሩለታል፤ ሳንድዊቹን መቅለብ ያቃተው ሁለት ዙር ይሮጣል።

ሜዳችን አውሮፕላኖች ወደ ማረፊያቸው ዝቅ ብለው የሚያልፉበት መስመር ስር ስለነበር የኮች ንግግር በየጊዜው ይቋረጣል። አውሮፕላን ሲመጣ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁና ካለፈ በኋላ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ለእኔ ያ ጩኸት ሌላ ትርጉም ነበረው፤ አባቴ ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ ጫኝ ነበርና የእያንዳንዱን አውሮፕላን ሆድ ሳይ ይህን የሞላው እሱ ይሆናል እል ነበር።

አባቴ ናዝሬት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። በዲቪ ስንመጣ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከሲያትል አጠገብ ቡሪየን ውስጥ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት ተከራየን፤ እናቴ የአረጋውያን እንክብካቤ ቤት ገባች፤ አባቴ የዓለምን ዋና ከተሞች በቃሉ የሚያውቀው ሰው፣ ሻንጣዎችን በነዚያው ከተሞች ስም ለይቶ መጫን ጀመረ። በዚያ ዓመት የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር አንድ ነጭ ኳስ እጄ ላይ አስቀምጦ ወርውር አለኝ። ወረወርኩ። ኳሱን የተቀበለው ልጅ ጓንቱን አውልቆ መዳፉን አየና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን አወቀው። ቋንቋ ለሌለው ሕፃን እንዲህ ያለ ነገር ቀላል አይደለም፤ አፌ ገና ተሳስሮ ሳለ ክንዴ ቀድሞ አፉን ፈታ።

አባቴ ግን ቤዝቦልን ሊወደው አልቻለም። «ሰው ሦስት ሰዓት ቆሞ የሚተፋበት ነገር ጨዋታ ይባላል?» ይል ነበር። ተስማምተን የቀረነው እንዲህ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ውጤቴ እስካልወረደ እጫወታለሁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኢንጂነሪንግ ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ። እኔ በልቤ የያዝኩት ሌላ ነበር፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለክንዴ ብሎ ይወስደኛል፣ ከዚያ ወደ ታችኛው ሊግ፣ ከዚያ ወደ ላይ። የኮችን ስም አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ «ድል» ብሎ ያዘው። ከሥራ ሲመለስ የብርቱካን ቀለም ያለውን ሰደርያውን እያወለቀ፣ «እህ፣ አቶ ድል ዛሬ አሸነፉ?» ይለኛል።

«ተሸነፍን አባዬ።»

«እንግዲህ ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉት እዚህ አገር አይሠራም ማለት ነው።»

በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አልተጫወትኩም። በሁለተኛው ዓመት ግን፣ ከረጢት በትከሻ በሚመላለስበት በዚያ ዝናባማ ጸደይ፣ እኔ የቡድኑ ዋና ወርዋሪ ነበርኩ። ኮች ዴል ሌሎች አሰልጣኞች የማያደርጉትን አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያ በተበላሸ ጉልበታቸው ቁጢጥ ብለው ወርዋሪዎቻቸውን ራሳቸው ይቀልባሉ። ሲቀመጡ ያቃስታሉ፣ ሲነሡ ሁለት ልጅ ይደግፋቸዋል፤ በመሀል ግን ፊታቸው የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ይሆናል። ኳሱ ጓንታቸው ውስጥ ሲገባ ጥርት ያለ፣ እንደሚሰበር ደረቅ እንጨት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እሳቸው ያንን ድምፅ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል።

በመጋቢት ወር ክርኔ ውስጥ አንድ ነገር ይጠዘጥዘኝ ጀመር። መጀመሪያ ከወረወርኩ በኋላ ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ስወረውር፣ ቀጥሎ ጥርሴን ስቦርሽ። ለማንም አልተናገርኩም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሊያዩኝ እንደሚመጡ ሰምቼ ነበር። አንድ ሐሙስ ኮች ከአሥር ያህል ኳስ በኋላ ጓንታቸውን አውርደው አዩኝ።

«ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ድምፁ ተለውጧል።»

«ዝናቡ ነው ኮች፤ ኳሱ ረጥቧል።»

«ኦኬ» አሉ። የቤታችንን አድራሻ የጠየቁኝ ያን ጊዜ ነው። የቡድን ወረቀት የሚልኩ መስሎኝ ሰጠኋቸው።

እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በራችን ተንኳኳ። ኮች ዴል የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ያለ ኮፍያ አይቻቸው ስለማላውቅ መላጣቸው አስደነገጠኝ። እናቴ እንግዳ ነውና ከመቅጽበት ሻይና ድፎ ዳቦ አቀረበች፤ አባቴ ኮቱን ደርቦ ተመለሰ። ኮች ብርጭቆውን ሲይዙ እናቴ ጣቶቻቸውን አየች፤ ሁሉም ወደየአቅጣጫቸው የተጣመሙ፣ አንዱ ከመሀሉ ወደ ጎን የታጠፈ።

«ውይ በሞትኩት! እኚህን ሰውዬ ምን አግኝቷቸው ነው?» አለች።

«ኳስ ነው እማዬ» አልኳት።

«ኳስ!» አለችና ወደ እኔ ጣቶች ተመለከተች።

ኮች ብርጭቆውን አስቀምጠው ማውራት ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ አባቴን እያዩ ነበር የሚያወሩት፤ ለእኔ መተርጎሚያ ጊዜ ሊሰጡ ይመስለኛል፣ እኔ ግን እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። እንዲህ አሉ።

«ታችኛው ሊግ ሳለሁ አንድ ወርዋሪ ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው። አንድ በጋ ላይ ማሸነፍ ጀመርን። በወሩ አጋማሽ ኳሱ ጓንቴ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ተለወጠ። እንደታመመ አወቅሁ። ማወቄን እሱም አወቀ። ሁለታችንም ዝም አልን፤ ምክንያቱም ከላይ የመጡ ሰዎች እያዩን ነበር። በወሩ መጨረሻ ክርኑ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጠሰ። በዚያው ሳምንት እኔን ወደ ትልቁ ሊግ ጠሩኝ። እዚያ ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ እሱ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ስጎበኘው ሕፃን ልጁን የሚያነሳው በግራ እጁ ብቻ ነበር። አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።» ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፉት። «የልጅዎ ክርን ታሟል። እኔን ይዋሸኛል፤ እናንተንም ይዋሻል ብዬ ነው ራሴ የመጣሁት። ሐኪም ሳያየው አንዲት ኳስ አያነሳም። ምናልባትም ዘንድሮ ጭራሽ አይወረውርም።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በቤታችን አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ የኪራይ ውል፣ የሐኪም ቤት ቅጽ፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ፣ ሁሉም በእኔ አፍ ነበር የሚያልፈው። እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦

«ኮች... ሶ፣ በጣም ጎበዝ ነው እያሉ ነው። በሁለት ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ ሊያዩኝ ይመጣሉ። እናንተም መጥታችሁ እንድታዩ ጋብዘዋችኋል።»

እናቴ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ እጇን አጨበጨበችና በኮች ሳህን ላይ ሌላ ትልቅ ቁራሽ ዳቦ ጨመረች። ኮች ግራ ተጋቡ። እንዲህ ያለ መርዶ ይዘው መጥተው እናትየው በእልልታ ስትቀበላቸው ምን ይበሉ? ዳቦውን ቆርሰው ጎረሱ።

አባቴ አልተንቀሳቀሰም። «ይህን ሁሉ ጊዜ ያወሩት ይህንኑ ነው?» አለኝ።

«አዎ አባዬ። እንግሊዝኛ ሲተረጎም ያጥራል።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ከእኔ ወደ ኮች ዞረ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ቃሎቹን አንድ በአንድ፣ በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው እግር እያስቀመጠ፣ «አቶ ድል። ልጄ... ክንዱ። የትኛው ሐኪም... ይሻላል? ስንት ጊዜ... እረፍት?» አላቸው።

አባቴ እንግሊዝኛ ሲናገር በሕይወቴ መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የማይሰማ ይመስለኝ ነበር። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን፣ የባንክ ጸሐፊ ፊት ወይም የመምህራኔ ፊት፣ ራሱ ተናግሮ አያውቅም። ለካ ሁሉንም ይሰማል። ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ያለ ማስታወሻ ያስተምር የነበረ ሰው፣ ልጁ ፊት መንተባተብ ስላልፈለገ ብቻ ነበር ዝም ያለው። በዚያች እሁድ ለክንዴ ሲል ተንተባተበ። ኮች ወደ እሱ ጠጋ ብለው የሐኪሙን ስም ከዳቦው ጋር በቀረበ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት ላይ ጻፉለት፤ ሁለቱ ሰዎች እኔን ከመካከላቸው አውጥተው፣ በተሰበረ እንግሊዝኛና በተሰበሩ ጣቶች፣ ስለ እኔ ብዙ ተነጋገሩ። እናቴ «ምንድነው? ምን ተፈጠረ?» ትላለች፤ የሚመልስላት የለም።

ኮች ከሄዱ በኋላ አባቴ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና፣ «ሰው ይዋሻል፤ እኔም በዕድሜህ ዋሽቻለሁ። አንተ ግን ጆሮዬን ናቅከው» አለኝ። ዛሬም ድረስ ከዚያ የከበደ ቁጣ አልሰማሁም።

ሐኪሙ ጅማቱ ግማሽ ድረስ ተሰንጥቋል አለ፤ ጥቂት ጨዋታ ቢጨመርበት ይበጠስ ነበር፤ አንድ ዓመት ኳስ አትንካ አለ። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች በቀጠሯቸው መጡና ሌላውን ወርዋሪያችንን አይተው ወሰዱት። እኔ በዚያ ቀን ክፍሌን ቆልፌ ተኝቼ ዋልኩ። ኮች ዴልን ጠላኋቸው፤ አባቴንም ጠላሁት፤ ጉብታዋን፣ ድመቷንም፣ አሸዋዋንም። ሦስት ሳምንት ሜዳው ዝር አላልኩም። ኮች ግን በየሁለት ቀኑ ቤት ኮል ያደርጉ ነበር፤ እኔን ፈልገው አይደለም፤ አባቴን ነበር የሚጠይቁት። አባቴ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሲያወራ እሰማለሁ። የመጀመሪያ ቀን አምስት ቃል፣ በሳምንቱ ሃያ። አንድ ቀን ሲስቅ ሰማሁት፤ በእንግሊዝኛ ሳቀ። በሦስተኛው ሳምንት በሬን አንኳኩቶ፣ «ነገ ሜዳ እንድትገኝ ብለዋል አቶ ድል። እኔም ብያለሁ» አለኝና ሄደ።

ስሄድ ኮች አልወቀሱኝም፣ አላባበሉኝም። ኳስ የሚቀመጥበትን ባልዲ ገልብጠው አጠገባቸው አስቀመጡና፣ «ቁጭ በል። የታመመው ክንድህ ነው፣ ዓይንህ አይደለም» አሉኝ። የቀረውን ጸደይ እዚያ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። በየደቂቃው «ምን ታያለህ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ምንም አላይም ነበር፤ ሜዳና ሰው ብቻ። ቀስ በቀስ ማየት ጀመርኩ፤ ዱላ የያዘው መቺ እግሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሲስብ፣ ሯጩ ሳይታይ ወደ ቀጣዩ ጥግ ሰርቆ ሊሮጥ ሲያስብ ትከሻው ሲወጠር፣ የራሳችን ልጅ ከቤቱ ተጣልቶ ሲመጣ ኮፍያውን ከወትሮው ዝቅ አድርጎ ሲደፋ። ይህን ሁሉ እሳቸው ከድሮም ያዩ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት አሰልጣኝ ማለት የሚጮህ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በአንድ ጨዋታ፣ የተጋጣሚያችን ወርዋሪ ቀርፋፋ ኳስ ሊጥል ሲል ሁሌ ከንፈሩን እንደሚነክስ አየሁ። ለኮች ነገርኳቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠብቀው አረጋገጡና፣ «ለምን ለእኔ ትነግረኛለህ? ሂድና ለልጆቹ ንገራቸው» አሉኝ። ነገርኳቸው። በዚያ ቀን ልጆቻችን ቀርፋፋውን ኳስ ሁሉ እየመቱ ከሜዳ ሜዳ አጋዙት። አሸነፍን። ከአጥሩ ጀርባ አንድ ሰው በብርቱካን ሰደርያ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ በአማርኛ፣ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሀል፣ «ድል! ድል!» እያለ ሲጮህ ሰማሁ። አባቴ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ነበር። ኮች ስማቸው የተጠራ መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙለት።

ክንዴ ዳነ፤ ያ የጥንቱ ፍጥነት ግን አልተመለሰም። በኮች ደብዳቤና በራሴ ውጤት ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ እንደ ተማሪ እንጂ እንደ ወርዋሪ አልነበረም። ዛሬ ኤቨረት ከተማ ውስጥ የአውሮፕላን ክንፍ መርማሪ ነኝ። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ብረቱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን በድምፅ ሞገድ እፈትሻለሁ፤ ስንጥቅ ካለ፣ ማንም ቢቸኩል፣ አይበርም እላለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ግትርነት የት እንደተማርኩት ይጠይቁኛል። ልጄ የተወለደች ቀን ኮች ሆስፒታል መጡ። እናቷ ስለደከመች እኔ ነበርኩ በቀኝ ክንዴ የታቀፍኳት። በየትኛው ክንዴ እንደያዝኳት አዩ፣ አሁንም አዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ተናገሩ።

ከሁለት ጸደይ በፊት ኮሌጁ የቤዝቦል ቡድኑን ዘጋው። ሜዳው ላይ ሌላ ሕንፃ ሊሠራ ነው ተባለ። በመጨረሻው ቀን ከተለያየ ዘመን የተሰበሰብን ተጫዋቾች ታጣፊ ወንበር ዘርግተን ተቀመጥን፤ አንዳንዱ ሸብቷል፣ አንዳንዱ ልጁን ይዟል። ከእነዚያ ሁሉ ዓመታት ልጆች ለደመወዝ የተጫወቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ትልቁ ሊግ የደረሰ አንድም የለም። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ይህን አንሥቶ ይቆጭዎታል ወይ ሲላቸው ኮች አሰብ አድርገው፣ «ሁሉም ክንዳቸውን ይዘው ነው የመጡት» አሉ። ጋዜጠኛው አልገባውም። እኛ ገብቶናል።

ከዚያ አባቴ ተነሣ። ማንም ተናገር አላለውም። ጡረታ ወጥቷል፣ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ የለበሰው ያንኑ የእሁድ ኮት ነው። በእንግሊዝኛ፣ በናዝሬት አነጋገር፣ እንዲህ አለ፦ «እኔ አስተማሪ ነበርኩ። አስተማሪ አስተማሪን ያውቃል። እዚህ አገር ስመጣ መጥፎ ዜና ሁሉ በደብዳቤ ነበር የሚደርሰኝ። ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ መጥፎ ዜና ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው ይህ ሰው ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ ስሙ ምን ማለት እንደሆነም ይወቅ።» ነገራቸው። ያ ሁሉ ተሸናፊ ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ፤ ኮች ዴልም በተጣመሙ ጣቶቻቸው ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቅ ብቻ እንዳልነበረ አጠገባቸው ስለነበርኩ አውቃለሁ።

ዛሬ በዚያ በኩል ስነዳ ጉብታዋ የነበረችበትን ቦታ ለይቼ መጠቆም አልችልም። ሜዳው የለም። ኳስ ጓንት ውስጥ ሲገባ ይሰማ የነበረው ጥርት ያለ ድምፅ፣ በእኔ ክንድ የተሠራው፣ ከእንግዲህ አይሰማም። ከባልዲው አጠገብ የነበሩት ጓደኞቼ ወደ አላስካም ወደ ቴክሳስም ተበትነዋል፤ አንዱን ቀብረናል። የኮች ሁለት ጉልበቶች በብረት ተተክተዋል፤ ቁጢጥ ማለት አይችሉም። ስደምረው የጠፋው ይበልጣል፤ ይህን ክጄ ራሴን አላታልልም።

ግን ኮች ዴል ቤት መቀመጥ አልቻሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሎምቢያ ሲቲ አቅራቢያ ባለ መናፈሻ ውስጥ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ሕፃናት ያሰለጥናሉ፤ የሐበሻ ልጅ አለ፣ የሶማሌ አለ፣ የቬትናም አለ፤ አባቴ ደግሞ አጠገባቸው ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሳኔያቸውን ሁሉ ይቃወማል። አሸዋውን በገዛሁበት በዚያው ቅዳሜ፣ ድመቷ ቤት ውስጥ አሸዋዋን ስትበትን ትተናት፣ ልጄን ወሰድኳት። አንዲት ሚጢጢ ልጅ፣ ጓንቷ ከራሷ የሚተልቅ፣ ኳሱን ባላት ኃይል ሁሉ ወረወረችው፤ ኳሱ ከሁላችንም በላይ አልፎ፣ አጥሩን ዘልሎ፣ ዳገቱን ቁልቁል ተንከባለለ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አጥሩን አዩ። ልጅቷ ልታለቅስ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

ኮች ዴል ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አያችሁት?» ብለው ጮኹ። «አያችሁት እንዴት እንደሄደ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዮናስ! ምን ትጠብቃለህ?»

የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነኝ። ወደ አጥሩ ሮጥኩ።